ከዓሣው በፊት ውኃው ይመርመር

በቤት አኳሪየም ውስጥ ያለ ሲክሊድ መታመሙን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ትናንት ምግብ ሲመጣለት መስታወቱን ሊሰብር ይደርስ የነበረው ኦስካር ዛሬ ከማጣሪያው ቱቦ ሥር ተሸጉጦ፣ ክንፎቹን ከገላው አጣብቆ፣ ቀለሙ ጠቋቁሮ ይታያል። ስንጥቡ ያለ ዕረፍት ይርገበገባል። ያን ጊዜ የባለቤቱ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን መድኃኒት ልስጠው?» የሚል ነው። መልስ ሰጪም አይጠፋም፤ አንዱ ጨው ጨምርበት ይላል፣ ሌላው ሰማያዊውን ጠብታ ያዛል፣ ሦስተኛው ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈልቅቀህ በትንበት ይላል። ሁሉም የሚናገሩት ለመርዳት ብለው ነው፤ ስለ ውኃው የጠየቀ ግን ከመካከላቸው የለም። ቤት ውስጥ የሚታመመውን ሲክሊድ አብዛኛውን ጊዜ ያሳመመው የሚኖርበት ውኃ ነው። ውኃው ሳይለካ የሚሰጥ መድኃኒት፣ ይልቁንም አንቲባዮቲክ፣ ዓሣው የመዳን ዕድሉን ያጠብበታል፤ መዘዙም መስታወቱ ውስጥ ተወስኖ አይቀርም። ስለዚህ በመጀመሪያ መመርመር ያለበት ውኃው ነው፣ ከዚያ ዓሣው፤ የመድኃኒት ነገር የሚነሣው ከሁለቱ በኋላ ነው።

ሲክሊድ የሚለው ስም ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ዓሣው ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ከጣና፣ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳና ከጫሞ እየተጠመደ በየምግብ ቤቱ የሚጠበሰው ቆሮሶ የዚሁ ወገን ነው። ሳይንሳዊ ስም የተሰጣቸው የሲክሊድ ዝርያዎች ከ1,700 በላይ ሲሆኑ፣ ለቤት ማስዋቢያ ከሚፈለጉት መካከል ብዙዎቹ ከሁለት አካባቢ የመጡ ናቸው። ኦስካር፣ ዲስከስና ኤንጅልፊሽ የአማዞን ተፋሰስ ዓሦች ናቸው፤ የዚያ ውኃ ማዕድን የሚያንሰው፣ ወደ አሲድነት ያደላ ነው። ቢጫና ሰማያዊ ቀለማቸው ዓይን የሚስበው ምቡናዎች ደግሞ የማላዊ ሐይቅ ልጆች ናቸው፤ የሐይቁ ፒኤች 8 ገደማ ነው። ሻጩ ሁለቱንም በአንድ መስታወት አጉሮ «ሁሉም ሲክሊድ ነው» ሊል ይችላል። ለአንዱ የተመቸው ውኃ ግን ሌላውን ቀስ በቀስ ያደክመዋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አሞኒያ የተባለው መርዝ በሁለቱ ውኃ ውስጥ ያለው ጉልበት እኩል አይደለም።

ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የሚቀረውን አሞኒያ በዋናነት በስንጥቡ በኩል ወደ ውኃው ያስወጣዋል። ሐይቅ ውስጥ ይህ ችግር አይሆንም፤ 200 ሊትር በሚይዝ መስታወት ውስጥ ግን አሞኒያው መሄጃ የለውም። የሚያስወግዱት በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። በአዲስ አኳሪየም ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራብተው ሥራቸውን በወጉ እስኪይዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። መስታወቱንም ዓሣውንም በአንድ ቀን ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ዓሦቹ አንድ በአንድ ሲያልቁበት «በሽታ ገባብኝ» ቢል አይፈረድበትም። የሸጠለት ሰው ስለ ባክቴሪያው አልነገረውም። እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። የውኃ መመርመሪያው የሚያሳየው ጠቅላላውን አሞኒያ ነው፤ ከዚያ ውስጥ መርዛማው ምን ያህሉ እንደሆነ የሚወስኑት ፒኤቹና ሙቀቱ ናቸው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 7 ከሆነ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤቹ 8 ሲሆን ከመቶ አምስት እጅ ያልፋል፤ 9 ሲደርስ ከሲሶ ይበልጣል። በዲስከሱ ውኃ ውስጥ ሳይታወቅ የሚያልፈው የአሞኒያ መጠን በምቡናው ውኃ ውስጥ ስንጥብ ይልጣል ማለት ነው። ናይትራይትም የራሱ ተንኮል አለው። በስንጥብ በኩል ወደ ደም ይገባና ኦክሲጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል፤ ደሙ ቡናማ ይሆናል፤ ዓሣው ኦክሲጅን በሞላበት ውኃ ውስጥ ሆኖ ይታፈንና ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይቀላውጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ጨሶበት ራሱን ላዞረው ሰው አስቀድሞ የሚደረግለት በርና መስኮት መክፈት ነው እንጂ የራስ ምታት ክኒን ማዋጥ አይደለም። ጨው ጨምር ያለው መካሪ እዚህ ላይ ሳያውቀውም ቢሆን ልክ ሊሆን ይችላል፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ በስንጥቡ ላይ ከናይትራይት ጋር ተሻምቶ እንዳይገባ ይከላከላልና። ነገር ግን ናይትራይት መኖሩ ሳይለካ የተጨመረ ጨው ቢጠቅምም በዕድል ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ዓሣ ማርባት ደግሞ ከውጭ ተቀድቶ የሚመጣ ምክር የማያውቀው የራሱ ጣጣ አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ባሕር ዳር በሊትር ከ8 ሚሊግራም ከፍ ያለ ኦክሲጅን ይይዛል፤ እዚህ 6 ሚሊግራም ገደማ ቢይዝ ነው። በየመመሪያው ላይ «ለዚህ መስታወት ይህን ያህል ዓሣ ይበቃዋል» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ይህን ታሳቢ አላደረገም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የአየር ፓምፑም ማጣሪያውም አብረው ይቆማሉ፤ ማጣሪያው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ራሳቸው ኦክሲጅን ስለሚፈልጉ በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ ይጀምራሉ። መብራቱ ሲመጣ ማጣሪያው ያቆረውን የከረፋ ውኃ መልሶ ዓሣው ላይ ይደፋዋል። በነጋታው የሚታየው ማለክለክ «ድንገተኛ በሽታ» ይባላል። ስፖንጁን አውጥቶ በቧንቧ ውኃ ሙልጭ አድርጎ የሚያጥብ ንጽሕና ወዳድም ባክቴሪያዎቹን በክሎሪን ይፈጃቸዋል፤ ስፖንጅ መለቅለቅ ያለበት ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውኃ ነው፣ ያውም ለስለስ ተደርጎ። ከቧንቧው የሚወርደውም ቢሆን ሁልጊዜና በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የዝናብ ውኃና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳበው የከርሰ ምድር ውኃ በማዕድን ይዘታቸው ይለያያሉ። የድሬዳዋ ውኃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለዲስከስ ጭንቅ ነው፣ ለምቡና ደግሞ ሰርግና ምላሽ።

«እንግዲያው ውኃ መቀየር ነው፣ መለካቱ ለምን አስፈለገ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሲሶውን ወይም ግማሹን ውኃ መቀየር ከየትኛውም ጠርሙስ የተሻለ መድኃኒት ነው። ግን እሱም ሳይለካ ሲሆን ይገድላል። ለወራት ውኃው ያልተቀየረ አኳሪየም ፒኤቹ እየወረደ ይሄዳል፤ በዚያ ዝቅተኛ ፒኤች ላይ አሞኒያ ቢጠራቀምም አብዛኛው መርዛማ ባልሆነው መልኩ ይቀመጣል። ባለቤቱ ዓሣው መድከሙን አይቶ በአንድ ጊዜ ብዙ የቧንቧ ውኃ ሲያፈስበት ፒኤቹ ይዘልና ተኝቶ የነበረው አሞኒያ ወደ መርዝነቱ ይመለሳል። ማታ ውኃ ተቀይሮለት ጠዋት የሞተ ዓሣ ብዙውን ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው፤ ወይም ክሎሪኑ ሳይወጣለት የተጨመረ ውኃ ነው። ክሎሪን አየር እየተነፋበት በባልዲ አንድ ቀን ቢያድር ይተናል፤ ቲዮሰልፌት ያለበት ማርከሻ ደግሞ በደቂቃ ውስጥ ያጠፋዋል። ይህን ሁሉ ማወቅ የሚጠይቀው አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች የሚለኩ አራት ጠርሙሶችና ሩብ ሰዓት ነው።

ውኃው ተለክቶ ደኅና ሆኖ ሲገኝ ዓይን ወደ ዓሣው ይዞራል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምልክትን በሽታ አድርጎ ስለሚይዝ ነው። የምቡና እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ታቅፋ ሦስት ሳምንት ያህል እህል አትቀምስም። ከአገጯ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ታች ተወጥሮ፣ አፏን በዝግታ እያላመጠች እንቁላሉን ታገላብጣለች፤ ጥግ ይዛ ማንንም አታስጠጋም። ቆሮሶም ጫጩቶቿን የምታሳድገው እንዲሁ በአፏ ነው። ዓሣዋን ለማያውቅ ባለቤት ግን ይህች ምግብ ያስጠላት፣ ጉሮሮዋ ያበጠ፣ ከመንጋው የተገለለች በሽተኛ ናት፤ መድኃኒት ሲፈስባት ትደነግጥና የታቀፈችውን ትተፋዋለች። ሲክሊድ ድንበሩን የሚያስከብር ዓሣ መሆኑም መረሳት የለበትም። በጉልበተኛው ተሸንፎ የተባረረ ወንድ ቀለሙ ይጠፋል፣ ክንፉ ይበጣጠሳል፣ መብላት ይተዋል፤ የክንፉን መበጣጠስ የክንፍ መበስበስ በሽታ ነው ብሎ ማከም ተደብድቦ የመጣን ሰው የቆዳ ቅባት ቀብቶ ወደ ደብዳቢው ቤት እንደመመለስ ነው። የእሱ ሕክምና ተጨማሪ ድንጋይና መደበቂያ፣ ሲያስፈልግም የተለየ መስታወት ነው።

እውነተኛ በሽታ ሲሆንም የአንዱ መድኃኒት የሌላው መርዝ ይሆናል። ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ የጨው ፍሬ የሚያካክሉ ነጥቦችን በገላና በክንፍ ላይ ይዘራል፤ የሚያመጣው ከቆዳ ሥር የሚቀበር ጥገኛ ተውሳክ ነው። ተውሳኩ ቆዳ ውስጥ እያለ መድኃኒት አይደርስበትም። ጠግቦ ሲወድቅ መሬት ላይ ተጣብቆ ወደ መቶዎች ይከፋፈላል፤ መድኃኒት የሚገድለው ከዚያ ወጥተው አዲስ ዓሣ ፍለጋ የሚዋኙትን ልጆቹን ብቻ ነው። ነጥቡ ጠፋ ብሎ በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ነጥቡ በእጥፍ ሲመለስ «መድኃኒቱ ውሸት ነው» ይላል። ብዙዎች በሽታውን ለማሸነፍ የውኃውን ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ከፍ ያደርጋሉ፤ ይህ የተውሳኩን ዑደት ስለሚያውክ ይሠራል። ኮለምናሪስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ግን በአፍ ዙሪያና በጀርባ ላይ ነጭ ግራጫ ንጣፍ አውጥቶ ሻጋታ ይመስላል፤ ሙቀት ሲጨመርለት ይበልጥ ይፋፋማል፣ ዓሣውንም በአንድ ሁለት ቀን ሊጨርሰው ይችላል። የሻጋታ መድኃኒት ደግሞ ባክቴሪያን አያክምም። ሁለቱንም «ነጭ ነገር ወጣበት» ብሎ በአንድ ቃል ለጠራ ሰው ማሞቂያውን ከፍ ማድረግ ከሁለት አንዱን መግደል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ውኃ በሞቀ ቁጥር ያን ሲጀመርም ያነሰ ኦክሲጅን ይበልጥ ይቀንሰዋል።

ኦስካርና ዲስከስን የሚያጠቃው የጭንቅላት መቦርቦርም ለዚህ ክርክር ጥሩ ማስረጃ ነው። ከዓይን በላይና በጎን በኩል ባለው የስሜት መስመር ላይ መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ቀዳዳዎች ይጀምሩና እየሰፉ ይሄዳሉ። አንጀት ውስጥ ስፓይሮኑክሊየስ የተባለ ጥቃቅን ተውሳክ ስለሚገኝ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ነው፤ እኛ ጃርዲያና አሜባ ሲያስቸግረን የምንውጠው ያው ክኒን። አጋጣሚ አይደለም፤ ስፓይሮኑክሊየስና ጃርዲያ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ነገር ግን ይኸው ተውሳክ ጤነኛ በሚመስሉ ዓሦች አንጀት ውስጥም ይገኛል። ቀዳዳው ሲወጣ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ናይትሬት በተጠራቀመበትና ምግቡ አንድ ዓይነት ብቻ በሆነበት ቤት ነው፤ የተውሳኩ፣ የውኃውና የምግቡ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ውኃና ምግብ ሳይስተካከል የተሰጠ ሜትሮኒዳዞል ቁስሉን ሳይዘጋ ያልቃል። አሰጣጡም ስሕተት የበዛበት ነው፦ የጨው አልባ ውኃ ዓሣ ውኃ እምብዛም ስለማይጠጣ ለአንጀት በሽታ ተመራጩ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ለውሶ ማብላት ነው። ማጣሪያው ውስጥ የተቀመጠው ከሰል ሳይወጣ የተጨመረ መድኃኒት ደግሞ ከሰሉ ውስጥ ነው የሚቀረው። በምቡናዎች ላይ የሚታየው የሆድ መነፋትም መንሥኤው አከራካሪ ነው፤ አለት ላይ የበቀለ አልጌ ግጦ የሚያድር ዓሣ ሥጋ ነክ ምግብ እየታጨቀበት ለምን ሆዱ ተነፋ ብሎ ፋርማሲ መሮጥ ግን ገራሚ ነው።

ቴትራሳይክሊን ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ካፕሱል ፈልቅቆ ቁስል ላይ መነስነስ የምናውቀው ልማድ ስለሆነ ወደ አኳሪየም መሻገሩ አይደንቅም። ሆኖም ቴትራሳይክሊን ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ጋር ተጣብቆ ኃይሉን ያጣል፤ ማዕድን በበዛበት ውኃ ውስጥ፣ ማለትም ምቡና በሚረባበት ውኃ ውስጥ፣ ዓሣው የሚያገኘው ከታሰበው እጅግ ያነሰ ነው። ብርሃን ሲያገኘው ይበላሻል፣ ውኃውንም ወደ ቀይ ቡናማ ይለውጠዋል። ለዓሣው ያልበቃው መጠን ግን ባክቴሪያዎችን ለማለማመድ ይበቃል። የብሪታንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ከእስያ የመጡ የጌጥ ዓሦችንና የተጓጓዙበትን ውኃ መርምረው ለብዙ አንቲባዮቲኮች የማይበገሩ ባክቴሪያዎችና መላመድን የሚያስተላልፉ ዘረ መሎች አግኝተዋል። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 ለጌጥ ዓሣ ተብለው ያለ ፈቃድ የሚሸጡ አንቲባዮቲኮችን በሚያመርቱና በሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጻፈው ዓሣ ስለሚወድ አይደለም። መድኃኒቶቹ የሰው መድኃኒቶች ናቸው፤ መላመዱም ሰውን ያገኛል። እጃችንን እስከ ክርን የምንነክርበት፣ ሲቀየር በመታጠቢያ ቤት ፍሳሽ የምንደፋው ውኃ ነው።

«ታዲያ ጨምሬበት የዳነውስ?» የሚለው መከራከሪያ ቀላል አይደለም፤ ሰዎቹ ዓይናቸው ያየውን ነው የሚናገሩት። ነገር ግን መድኃኒት የጨመረ ሰው ሌላም ነገር አድርጓል። መመሪያው አስቀድመህ ውኃ ቀይር ስለሚል ቀይሯል፤ ዓሣው ስላልበላ ምግብ ቀንሷል፤ ተጨንቆ ስለሚመለከተው የአየር ፓምፑን ከፍ አድርጓል። አሞኒያው በዚሁ ወርዷል። ምስጋናው ለካፕሱሉ ሲሰጥ ጥፋቱ ሳይታወቅ ይቀርና ከሁለት ወር በኋላ ይደገማል፤ ያን ጊዜ ካፕሱሉ ሁለት ይሆናል። «እስኪመረመር ይሞታል» ለሚለው መልሱ ከላይ ተነግሯል፤ ልኬቱ ሩብ ሰዓት ነው፣ ኮለምናሪስ እንኳ ይህን ያህል ይታገሳል። ኮለምናሪስ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል፤ ፈጥኖ፣ በተለየ መስታወት፣ በተገቢው መጠን፣ እስከ መጨረሻው ቀን። ይህ ጽሑፍ መድኃኒትን አይቃወምም። ውኃው መልካም በሆነበትም የሚገድል በሽታ አለ። በእስራኤል የኪነሬት ሐይቅ የቆሮሶ ዘመዶችን የፈጀው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው ተለይቶ የታወቀው፤ አንቲባዮቲክም ጨውም አያድነውም። ለእንዲህ ያለው መከላከያው አዲስ የተገዛን ዓሣ ከነባሮቹ ሳይቀላቅሉ ለአራት ሳምንት ያህል በሌላ ዕቃ ማቆየት ብቻ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ደግሞ በጣም ጥቂት ነው።

ሐኪም የት አለ የሚለው ቅሬታ እውነት አለው። ለድመትና ለውሻ እንኳ ሐኪም ፍለጋ በሚያንከራትት ከተማ ለኦስካር ቀጠሮ ማስያዝ ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ዕውቀቱ አገር ውስጥ አለ፤ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ ሰበታም የዓሣ ምርምር ማዕከል አለን። ለእርባታው ቆሮሶ የተማሩት ስለ ስንጥብ፣ ስለ ተውሳክና ስለ ውኃ ጥራት ነው፤ የጌጡ ሲክሊድም የሚታመመው በዚያው ስንጥቡ ነው። አንዳንዴ ሐኪሙ ሊለው የሚችለው «አይድንም» ብቻ ነው። ቅርፊቱ ወደ ውጭ ቆሞ ሆዱ የተነረተ ዓሣ ኩላሊቱ ከሥራ ውጭ ሆኗል፤ ያ በአብዛኛው መጨረሻው ነው። እየከሳ፣ ጀርባው እየጎበጠ፣ ቁስል እያወጣ ለወራት የሚማቅቅ ደግሞ የዓሣ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። የሚያመጣው ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1926 በፊላደልፊያ ከአኳሪየም ዓሦች የተገኘው ነው፤ በተጫረ እጅ በኩል ሰውን ይይዛል፣ እጅና ክንድ ላይ በቀላሉ የማይድን እባጭ ያወጣል፣ ለመዳንም የወራት ሕክምና ይፈልጋል። ዓሣ የሚያረባ ሰው እንዲህ ያለ እባጭ ሲወጣበት አኳሪየም እንዳለው ለሐኪሙ ሳይጠየቅ መናገር አለበት። እንዲህ ያለ ዓሣ ላይ ካፕሱል መሞከር ሥቃዩን ማራዘምና በሽታውን ማዝመት ነው፤ መጠኑ ተለክቶ የተጨመረ የቅርንፉድ ዘይት አደንዝዞ ያሳርፈዋል።

የሚቀረው የዋጋ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ እሱ ነው። መመርመሪያው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ከዓሣው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ካፕሱሉ ግን ርካሽ ነው። ለአንድ አባወራ ሒሳቡ አይሞላም ቢባል አልከራከርም። ለሻጩ ግን ይሞላል። አንድ መመርመሪያ ለብዙ አሥር ልኬት ስለሚበቃ፣ ደንበኛው ውኃውን በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቶ አምጥቶ በጥቂት ብር የሚያስለካበት ሱቅ ለመክፈት አዲስ ሕግም አዲስ ድርጅትም አያስፈልግም። ጠርሙሱ እስከ አፉ ይሞላ፣ በዚያው ቀን ይምጣ፣ ውጤቱ በቁጥር ይጻፍለት፤ «ጥሩ ነው» የሚል መልስ አይበቃም፣ ፒኤች 8 ላይና ፒኤች 7 ላይ ጥሩ የሚባለው አሞኒያ አንድ አይደለምና። አንቲባዮቲክን በተመለከተ ሕጉ አስቀድሞ አለ፤ ያለ ማዘዣ አይሸጥም። ፋርማሲዎች «ለዓሣ ነው» የሚለውን ደንበኛ ከዚህ ሕግ ውጭ የሚያደርጉበት ምክንያት የለም። ሱቁ ደግሞ ቢያንስ መስታወት ለገዛው ሰው ዓሣውን በዚያው ቀን ባይሸጥለት፣ ማጣሪያውን አስነሥተህ ከወር በኋላ ውኃ ይዘህ ና ቢለው ይሻላል።